የመኪና የኋላ መብራት ቀለም ቤት ውስጥ መቀየር፦ መስታወቱ ምን ይሠራል? ሥራው የሚበላሸው የት ላይ ነው?

አዳማ ውስጥ ማታ ከመኪና ኋላ የሚነዳ ሰው የማያየው የመብራት ዓይነት የለም። ጥቁር የተነፋበት ቪትዝ፣ ቢጫው ወጥቶ ነጭ የገባበት ኮሮላ፣ ግማሹ በቀይ ስኮች የተለጠፈ አባዱላ፣ ፍሬቻው ሰማያዊ የሆነ ባጃጅ። ከፊሉ ለማማር ነው። ከፊሉ ደግሞ የተሰበረውን መብራት ሙሉውን መግዛት ስለሚወደድ ከሌላ የተገኘ ቁራጭ የተገጠመበት ነው። ሥራው ቤት ውስጥ ይሠራል፤ መሣሪያውም ውድ አይደለም። ሲበላሽ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የእጅ አይደለም። ሰው መስታወቱን እንደ ቀለም ብቻ ስለሚያየው ነው። ቀለም ከሦስት ሥራዎቹ አንዱ ነው።

(«መስታወት» የምንለው በልማድ ነው። የኋላ መብራት ሽፋን ብርጭቆ ሳይሆን አክሪሊክ የሚባል ፕላስቲክ ነው፤ ማስታወቂያ ሠሪዎች ለሰሌዳ የሚቆርጡት ዓይነት። ማጣበቂያ ስንመርጥ ይህ ልዩነት ይመጣል።)

በአንድ የኋላ መብራት ውስጥ ስንት መብራት አለ?

አራት፣ ከዚያ ደግሞ አንድ የማይበራ። ፓርኪንግ ማታ መኪናው እንዲታይ ያለማቋረጥ የሚበራው ደብዛዛ ቀይ ነው፤ 5 ዋት። ስቶፕ ፍሬን ሲረገጥ የሚበራው ደማቅ ቀይ ነው፤ 21 ዋት። ብዙ መኪና ላይ ሁለቱ በአንድ አምፖል ውስጥ ያሉ ሁለት ክሮች ናቸው፤ አምፖሉ ላይ 21/5 ተብሎ የሚጻፈው ለዚህ ነው። ፍሬቻ ብርቱካናማ ነው፣ ብዙው ሰው ቢጫ ቢለውም፤ እሱም 21 ዋት። የኋላ ማርሽ መብራት ነጭ ነው። የማይበራው ቀዩ አንጸባራቂ ነው። አምፖል የለውም፤ የሌላ መኪና መብራት ሲያርፍበት ብቻ ይታያል። ብዙ ጊዜ እዚያው መስታወቱ ላይ ተቀርጾ ስለሚመጣ መኖሩን የሚያስታውስ የለም።

የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንቦች እነዚህን ቀለሞች ከነድምቀታቸው ወስነዋል። ስቶፕ ቢያንስ 60 ካንዴላ፣ ፓርኪንግ ቢያንስ 4 ካንዴላ ማብራት አለባቸው። አንድ ካንዴላ በግርድፉ የአንድ ሻማ ብርሃን ነው። ለፓርኪንግ የላይኛው ጣሪያም ተቀምጦለታል፤ በጣም ከደመቀ ከኋላ ያለው ሾፌር ፍሬን የተያዘ ይመስለዋል፣ ፍሬን ሲያዝ ደግሞ ልዩነቱን አያይም። ስለዚህ ማድመቅ ሁልጊዜ ማሻሻል አይደለም።

ቀለም ያለው ክፍል ምን ይሠራል?

የመጀመሪያው ሥራው ማጣራት ነው። ቀይ ፕላስቲክ ብርሃኑን ቀይ አይቀባውም። እንደ ወንፊት ያጣራዋል፦ ከአምፖሉ ድብልቅ ብርሃን ውስጥ ቀዩን ያሳልፋል፣ ሌላውን ውጦ ያስቀራል። ወንፊት ደግሞ ዱቄቱ ውስጥ ያልነበረውን አያወጣም። የክር አምፖል ብርሃን ቀይ የበዛበት ስለሆነ ከቀይ መስታወት በኋላ ደማቅ ቀይ ይወጣል። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ኤልኢዲ ግን ቀዩ ትንሽ ነው፤ እዚያው ቀይ መስታወት ኋላ ሲገባ ደብዝዞ፣ አንዳንዴም ሐምራዊ መስሎ ይወጣል። «ኤልኢዲ አስገብቼ ስቶፑ ለምን ደከመ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው። ከቀይ መስታወት ኋላ ቀይ ኤልኢዲ፣ ከብርቱካናማው ኋላ ብርቱካናማ ኤልኢዲ ይገባል።

ሁለተኛው ሥራው መበተን ነው። በተለይ የቆዩ ሞዴሎች ላይ መስታወቱን ከውስጥ በኩል በጣት ሲዳስሱት መስመር መስመር የሆነ ጉርብጥብጥ አለው። የአትክልት ማጠጫ ጫፍ አንዱን የውሃ ፍሰት ወደ ብዙ ቀጭን ጅረት እንደሚከፍለው ሁሉ፣ እነዚህ መስመሮች ከአንድ ነጥብ የሚወጣውን ብርሃን ወደ ጎንና ወደ ላይ ይከፍሉታል። በምትኩ ከማስታወቂያ ቤት የተገዛ ለስላሳ አክሪሊክ ቢገጠም ቀለሙ ሊመሳሰል ይችላል። በትክክል ከኋላ ለቆመ ሰው መብራቱ ዓይን ይወጋል፤ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሲል ግን ይጠፋል። የጎን መንገድ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ባጃጅ ፍሬቻውን የሚያየው ከጎን ነው።

ሦስተኛው መመለስ ነው፤ ይህ የአንጸባራቂው ሥራ ነው። ያንን ቀይ ክፍል ወደ ዓይን አቅርበው ቢያዩት እንደ ማር እንጀራ የተደረደሩ ትንንሽ ጉድጓዶች አሉት። እያንዳንዷ ጉድጓድ የቤት ማዕዘን ናት፤ ሦስት ግድግዳ የሚገናኝባት። ኳስ ወደ ማዕዘን ሲወረወር ግድግዳዎቹን ነካክቶ ወደ ወርዋሪው እንደሚመለስ፣ ብርሃኑም ከየትም አቅጣጫ ይምጣ ወደ መጣበት ይመለሳል። ባትሪው ሞቶ ከአዳማ ወደ ሞጆ በሚወስደው አሮጌ መንገድ ዳር የቆመ መኪና ከኋላው ለሚመጣው ያለው ምልክት ይኸው ብቻ ነው። ሾፌሩ ከኋላ የሚጥለው ቅጠልና ድንጋይ በጨለማ አያበራም። ስለዚህ ቀዩን ክፍል አውጥቶ ሌላ የሚያስገባ ሰው አስቀድሞ ማየት ያለበት አንጸባራቂው በየትኛው ቁራጭ ላይ እንዳለ ነው። በሚወጣው ላይ ከሆነ፣ ለብቻው የሚሸጥ ቀይ አንጸባራቂ ከኋላ ፓራውልት ግራና ቀኝ ይገጠማል።

ጥቁር መንፋት ወይም ጥቁር ላስቲክ መለጠፍስ? ሒሳቡ ቀላል ነው። ግማሹን ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ስቶፑን በግማሽ ያደክማል። አንጸባራቂው ላይ ግን ብርሃኑ ሲገባም ሲወጣም ስለሚያልፍበት የሚተርፈው ሩብ ነው። መኪናው ቆሞ ሲያዩት ያምራል፤ በዚህ የሚከራከር የለም።

የትኛው ቀለም በየትኛው ይለወጣል?

ቢጫን በቢጫ፣ ቀይን በቀይ መተካት ጥገና ነው፤ ክርክር የለበትም። የፍሬቻውን ቢጫ ክፍል በነጭ መተካት ይቻላል፤ ግዴታው አምፖሉ ራሱ ብርቱካናማ መሆኑ ነው። የፍሬቻውን ቢጫ በቀይ መተካት ግን መቅረት ያለበት ነው። ስቶፕም ፍሬቻም ቀይ ሲሆኑ ከኋላ ያለው ሰው መኪናው ሊታጠፍ ይሁን ሊቆም ለመለየት ብልጭታውን መጠበቅ አለበት። የአሜሪካ ደንብ ቀይ የኋላ ፍሬቻ ይፈቅዳል። የዚያው አገር የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ጥናት ግን ብርቱካናማ ፍሬቻ ያላቸው መኪኖች ሲታጠፉ ወይም መስመር ሲቀይሩ ከኋላ የመገጨት ዕድላቸው በ5.3 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል።

ለአሜሪካ ገበያ ተሠርተው ወደኛ ከሚመጡት መኪኖች አንዳንዶቹ ፍሬቻቸው ቀይ ነው። ባለቤቱ ቀዩን በብርቱካናማ ልተካው ቢል ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ አንድ ወጥመድ ግን አለበት። በብዙዎቹ ላይ ስቶፑና ፍሬቻው አንድ ክር ይጋራሉ። መለየቱ ቀላል ነው፦ አንድ ሰው ፍሬን ረግጦ ይዞ ፍሬቻ ያብራ። የዚያ ጎን ስቶፕ ራሱ ብልጭ ድርግም ካለ ክሩ የጋራ ነው። መስታወቱ ብቻ ቢቀየር ፍሬን ሲያዝም ብርቱካናማ ይበራል። እዚህ ላይ የሽቦ መስመር መለየት ያስፈልጋል፤ ሥራውም የኤሌክትሪሺያን ይሆናል።

መብራቱ ይከፈታል ወይስ የተበየደ ነው?

መብራቱን ከመኪናው ማውረድ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። የኋላ ኮፈን ይከፈታል፣ የውስጥ ልባሱ ይገለጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ቁጥር ቁልፍ የሚፈቱ ሦስት ወይም አራት ዳዶዎች አሉ። የአምፖል መያዣዎቹ ሩብ ዙር ሲዞሩ ይወጣሉ። ከዚያ መብራቱ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ይሳባል። ወደ ጎን መጎተት የለበትም፤ በውጭው ጠርዝ በኩል የሚይዘው የፕላስቲክ ጉጥ ይሰበራል።

አሁን መስታወቱ ከጀርባው ሣጥን ጋር የሚገናኝበት መስመር በደንብ ይታይ። ቦይ ካለውና ቦዩ ውስጥ እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ጥቁር ወይም ግራጫ ነገር ካለ በቡታይል የተጣበቀ ነው፤ በሙቀት ይከፈታል። ቦይ ከሌለውና ሁለቱ ፕላስቲኮች ቀልጠው እንደ አንድ የሆኑ ከመሰሉ የተበየደ ነው፤ ሙቀት አይከፍተውም። አብዛኞቹ የኋላ መብራቶች ሁለተኛው ዓይነት ናቸው። የፊት መብራት ሲከፈት ቪዲዮ ላይ ያየ ሰው የኋላውንም እንዲሁ ልከፍት ሲል አጣሞ የሚጥለው ይህን ሳያጣራ ነው።

ለቡታይሉ የሚበቃው ከ80 እስከ 90 ዲግሪ ነው። አክሪሊክ ወደ 100 ሲጠጋ ይለሰልሳል፤ ስለዚህ መሀል ያለው ቦታ ጠባብ ነው። ምድጃ ያለው በ90 ዲግሪ 10 ደቂቃ ያህል ያቆየዋል። ሂት ጋን (ትኩስ አየር የሚነፋ መሣሪያ) የያዘ ሰው አፉን ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ አርቆ መስመሩን እየዞረ ያሞቃል፤ አንድ ቦታ ላይ መቆም አይቻልም። ሙቅ ውሃም ይሠራል። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃዋ የሚፈላው በ94 ወይም 95 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ከምድጃ ወርዶ ጥቂት ደቂቃ ከቆየ ለዚህ ሥራ ይስማማል። አስቸጋሪው ውሃው ውስጡ ያለውን ብርማ ቅብ ከነካ በኋላ ነው፤ ሲደርቅ የሚተወው ነጭ ጠብታ ቢጠርጉት ቅቡም አብሮ ይነሣል። መብራቱን በወፍራም ፌስታል አስሮ መንከር ይሻላል። ሲለሰልስ ጠፍጣፋ ካካቪቴ በጨርቅ ተጠቅልሎ ከአንድ ጥግ ይጀመራል፤ የሚቋቋም ቦታ ካለ እንደገና ይሞቃል እንጂ አይታገሉትም።

ቁራጩ እንዴት ይወጣል? እንዴትስ ይገባል?

በአንድ መስታወት ላይ ያሉት ቀይና ቢጫ ክፍሎች ብዙ ጊዜ በማጣበቂያ የተያያዙ አይደሉም። ፋብሪካ ውስጥ አንዱ ቀለም ቀልጦ ከፈሰሰ በኋላ ሁለተኛው አጠገቡ ይፈስሳል፤ ሲበርዱ አንድ አካል ይሆናሉ። ስለዚህ የሚነቀል ነገር የለም፤ የሚቆረጥ ነው እንጂ።

ምትኩ የሚመረጠው ከዚያው ሞዴልና ዓመት መብራት ነው። አንድ ጎኑ የተሰበረ ያገለገለ መብራት መለዋወጫ ከሚሸጡበት በርካሽ ይገኛል፤ አዳማ ከጠፋ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል። የግራው ቁራጭ ለቀኙ አይሆንም፤ መስታወት ውስጥ እንደሚታይ ምስል የተገለበጠ ነው። ጠርዙ ላይ በሁለት ቀስት መሀል የተጻፈውን የላቲን ምሕጻር ማየት ይጠቅማል፤ ፒኤምኤምኤ ካለ አክሪሊክ ነው፣ ኤቢኤስ ያለው የጀርባው ሣጥን ነው።

የአቆራረጡ ደንብ አንድ ነው፦ ሁልጊዜ ከሚጣለው ላይ ይቆረጣል። የሚወጣው ቢጫ ከሆነ መጋዙ የሚሄደው ከድንበሩ 1 ሚሊ ሜትር ወደ ቢጫው ገብቶ ነው። ከሌላው መብራት የሚመጣው ቢጫ ሲቆረጥ ደግሞ 1 ሚሊ ሜትር ቀይ አብሮት ይምጣ። የቀረው በሞረድ እየተለካ ይደርሳል። ጥርሱ የደቀቀ የሴጌቶ ምላጭ ከትንሿ ግራይንደር የተሻለ ነው። ግራይንደሩ ሲፈጥን ፕላስቲኩ ይሞቅና እንደ ማስቲካ እየተጎተተ ከምላጩ ኋላ ተመልሶ ይጣበቃል፤ የቆረጡት መስሎዎት ዞር ሲሉ ተዘግቷል። በእጅ መጋዝም ቢሆን በየጥቂት ምቱ ውሃ ጠብ ማድረግ ነው። የመብራቱ ሣጥን የተበየደ ከሆነና ውስጡ መግባት የግድ ከሆነ፣ የሚቆረጠው ከመበየጃው 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ወደ ሣጥኑ በኩል ነው፤ መስታወቱ ሳይነካ ይቀራል።

ሞረዱ ካለቀ በኋላ ሁለቱ ጠርዞች ሲገጥሙ በመሀላቸው ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት መኖር የለበትም። ወደ ፀሐይ አንሥቶ ማየት በቂ ነው፤ ነጭ መስመር ከታየ ይመለሳል። እዚህ ላይ የምትጠፋው አንድ ሰዓት በኋላ ከሚመጣው ውሃ ታድናለች።

ሱፐር ግሉ አይበቃም?

አይበቃም። ሲደርቅ የሚተነው ጭስ ዙሪያውን ነጭ ጉም ያለብሰዋል፤ መስመሩም እንደ ብርጭቆ ደረቅ ስለሆነ የቀኑ ሙቀትና የመንገዱ ንዝረት ይሰነጥቀዋል። አክሪሊክን በትክክል የሚያያይዘው ማስታወቂያ ቤቶች ለሰሌዳ ፊደል የሚጠቀሙበት፣ እንደ ውሃ የቀጠነው ፈሳሽ ነው። ማጣበቂያ ቢባልም የሚሠራው ሁለቱን ጠርዝ ለቅጽበት በማሟሟት ነው፤ ሲተን አንድ ፕላስቲክ ይሆናሉ። ክፍተት አይሞላም፤ የግማሽ ሚሊ ሜትሩ ጉዳይ ከዚህ የመጣ ነው።

ቁራጮቹ ከውጭ በኩል በስኮች ይያዛሉ። ፈሳሹ በቀጭን መርፌ ስሪንጅ ከውስጥ በኩል መስመሩ ላይ ጠብ ጠብ ይደረጋል፤ ስንጥቁ ራሱ ስቦ ይወስደዋል። ለአንድ መብራት ከ1 ሚሊ ሊትር አያልፍም። ስኮቹን እንዳይነካ፤ ከሥሩ ገብቶ መስታወቱ ላይ የማይጠፋ ዱካ ይተዋል። በጥቂት ደቂቃ ይይዛል፣ ግን 24 ሰዓት ሳይሞላ አይገጠምም። ትነቱ ሳንባና ራስ ላይ ክፉ ነው፣ የከሰል ምድጃ አጠገብ ደግሞ ወደ ባሰ መርዝ ይለወጣል። ሥራው ደጅ ላይ ይሁን።

ሌላው ብዙ ሰው የሚስተው ጽዳቱ ነው። በቤንዚን፣ በአሴቶን ወይም በአልኮል የተጠረገ የተቆረጠ አክሪሊክ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደ ሸረሪት ድር በደቃቅ ስንጥቅ ይሞላል። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና ውሃ ይበቃዋል። ጭረቱ የሚለሰልሰው ከ400 ጀምሮ በ800፣ በ1500፣ በ2000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ በውሃ እየረጠበ ነው፤ በመጨረሻ ፖሊሽ። ቁጥር መዝለል ጊዜ የሚያተርፍ ይመስላል፤ የ400ው ጭረት ግን በ2000 አይጠፋም።

አምፖሉስ?

ፍሬቻው ነጭ መስታወት ከሆነ ብርቱካናማ አምፖል ያስፈልገዋል። ባለጉጥ አምፖል ላይ አምራቾቹ ሆን ብለው ልዩነት አበጅተዋል፦ የነጩ ሁለት ጉጦች ፊት ለፊት ናቸው፣ የብርቱካናማው ግን ትንሽ ወደ አንድ ጎን ተጠግተዋል። ነጭ አምፖል በስሕተት እንዳይገባ ነው። ጉጡን በሞረድ በልቶ በግድ ማስገባት የተለመደ ነው፤ አምፖሉ ይላወስና ባልታሰበ ሰዓት ይጠፋል። ትክክለኛው የአምፖሉን መያዣም አብሮ መቀየር ነው። የተቀባ ርካሽ አምፖል ቀለሙ በሙቀት ይላጥና ፍሬቻው ቀስ በቀስ ነጭ ይሆናል፤ በየጊዜው ማየት ነው። ባለሁለት ክሩ አምፖል ደግሞ ጉጦቹ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ያሉ ናቸው። ተገልብጦ በግድ ከገባ ፓርኪንጉ ደማቅ፣ ስቶፑ ደብዛዛ ይሆናል።

ፍሬቻው ላይ ኤልኢዲ ሲገባ ብልጭታው ይፈጥናል። 21 ዋቱ የክር አምፖል ወደ 1.75 አምፔር ይወስድ ነበር፤ ኤልኢዲው የዚያን ጥቂቱን ብቻ ይወስዳል። ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው ሪሌ ይህን ሲያይ አምፖል የተቃጠለ ይመስለዋል። ትክክለኛው በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ብልጭታ ነው። መፍትሔው ለኤልኢዲ የተሠራ ሪሌ ነው። ወይም ደግሞ በየአምፖሉ ጎን 6 ኦም፣ 50 ዋት ሬዚስተር ይታሠራል። ሬዚስተሩ እጅ እስኪያቃጥል ይግላል፤ ላሜራ ላይ በብሎን ይታሠር እንጂ ሽቦ ወይም ፕላስቲክ ላይ አይጠጋ።

ለስቶፕ ግን ኤልኢዲ አንድ እውነተኛ ጥቅም አለው። የክር አምፖል እስኪግል ሁለት አሥረኛ ሰከንድ ገደማ ይዘገያል፤ ኤልኢዲ ወዲያው ይበራል። በፍጥነት መንገዱ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በዚያች ቅጽበት 5 ሜትር ተኩል ይሄዳል።

ከታሸገ በኋላ ለምን ይበላሻል? ውሃስ ለምን ይቋጥራል?

ሁለት ምክንያት አለ። አንዱ ለማሸጊያ የሚቀባው ሲሊኮን ነው። እንደ ኮምጣጤ የሚሸት ሲሊኮን ሲደርቅ አሲድ ስለሚተፋ ብርማውን ቅብና የአምፖሉን መያዣ ይበላል፤ የማይሸተው ዓይነት ይገዛ። ቡታይል ያለው መብራት ከሆነ አዲስ የቡታይል ገመድ ይበልጣል፤ ነገ የሚከፈትም ስለሆነ። ሁለተኛው «ቀዳዳ ሁሉ ይደፈን» የሚለው ነው። መብራት ይተነፍሳል። ሲግል ከውስጥ ያለው አየር ይሰፋል፣ ሲበርድ ይሳባል። ለዚህ ከጀርባው በትንሽ ቱቦ ወይም ስፖንጅ የተሸፈነ መተንፈሻ አለው። እሱ ከተደፈነ እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ሌሊቱን በመስታወቱ ላይ ጤዛ ይሆናል። ስፖንጁ ከጠፋ ግን አይተውት፤ የአዳማ ነፋስና አቧራ በሁለት ሳምንት ብርማውን ግራጫ ያደርገዋል። ከሰውነቱ ጋር የሚገናኝበት የስፖንጅ ጉርኒሲዮንም ከተጨማደደ በአዲስ ይተካ፤ ውሃው መብራቱን አልፎ የሚጠራቀመው ኮፈኑ ውስጥ ነው።

ለቦሎ ያልፋል?

በዓመታዊው ምርመራ መብራት ከሚታዩት አንዱ ነው። መስታወቱ ላይ በክብ ውስጥ የተቀረጸ የኢ ፊደልና ቁጥር ካለ፣ መብራቱ እንደተሠራ ተፈትኖ ማለፉን ይናገራል፤ ስለተቆረጠው አይናገርም። ቢጫ በቢጫ ከተተካና ብርሃኑ ከሌላው ጎን እኩል ከሆነ የሚያነጋግር ነገር የለውም። የማይመሳሰል ከሆነ ያነጋግራል።

እኩል መሆኑን ማወቂያው ቤት ይቻላል። አንዱ ጎን ሳይነካ፣ አንዱ ተሠርቶ ሳለ መኪናው በቀትር ፀሐይ ላይ ጀርባውን ይስጥ። አንድ ሰው ፍሬን ይርገጥ፣ ሌላው 30 ሜትር ያህል ይራቅ፤ መጀመሪያ ቀጥታ ከኋላ፣ ከዚያ በሁለቱም ጎን ሰያፍ ቆሞ ይይ። በፓርኪንግ ይደገም፣ በፍሬቻም። የተሠራው ደክሞ ከታየ ሁለተኛው ጎን አይነካም፤ የተሠራው ይወርዳል።